አባቴ ቀን ቀን ያንቀላፋሉ፤ እርጅና ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፣ ግፊት አለባቸው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ቴሌቪዥን እያዩ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቡና እየጠጡ ሳይቀር ያንቀላፋሉ። ማታ ደግሞ ያንኮራፋሉ። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይ፣ እንዲህ ብለሽ አትለፊው። ዕድሜ ሲገፋ ማታ ደጋግሞ መንቃት ይመጣል። አዛውንት ትንሽ እንቅልፍ ይበቃዋል የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው የሚመከረው ከ7 እስከ 8 ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ ትንሽ ማሸለብ ችግር የለውም። ስኒ እንደያዙ እንቅልፍ ከጣላቸው ግን ምክንያት አለው።

እንቅልፋምነትን ለመለካት ኤፕዎርዝ የሚባል መጠይቅ አለ፤ አውስትራሊያዊው ሐኪም መሬይ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ነው። 8 ሁኔታዎች ይጠይቃል፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፣ ድምሩ ከ10 ካለፈ ምርመራ ያስፈልጋል። ጥሩ ነው፤ ግን ለአዛውንቶች በልካቸው አልተሰፋም። ቁጭ ብለው ሲያነቡ ወይም መኪና ውስጥ መንገድ ተዘግቶ ሲቆሙ እንቅልፍ ይመጣብዎታል ወይ ይላል፤ ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ለተዉ፣ ከቤት ብዙም ለማይወጡ አዛውንት ይሄ ምን ይነግረናል? ደግሞ ብዙ አባቶች «መች ተኛሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እየሰማሁ ነው» ይላሉ (አንቺም ሳትሰሚው አትቀሪም)። ስለዚህ ነጥቡ ትንሽ ቢሆንም አልረካም፤ አብሯቸው የሚኖረውን ሰው እጠይቃለሁ።

ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዢ። ስንት ሰዓት ተኙ፣ ለሽንት ስንቴ ተነሱ፣ ቀን የትና ምን እያደረጉ አንቀላፉ? ማታ ደግሞ አዳምጫቸው። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ ትንፋሻቸው ከተቋረጠ፣ ከዚያ በኃይል አየር ስበው ከቀጠሉ፣ በስልክሽ ቅረጪውና ለሐኪም አሳዪ። በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ የሚባለው ይሄ ነው፤ ቀን ያስተኛል፣ ግፊትም አልወርድ እንዲል ያደርጋል፣ ሕክምናም አለው።

የሚውጡትን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጭምር። የጉንፋንና የማሳከክ ክኒኖች፣ ለጭንቀት የሚሰጠው ዲያዜፓም፣ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን አዛውንትን ቀኑን ሙሉ ያደነዝዛሉ። ለግፊት የታዘዘ የሚያሸና ክኒን ማታ ከተወሰደ ደግሞ ሌሊቱን ሲመላለሱ ያድራሉ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ በተለይ ዲያዜፓምን ለቆየበት ሰው በድንገት ማቆም አደገኛ ነው።

ደም ማነስ፣ ስኳር፣ ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እና ኩላሊት በደም ምርመራ ይታያሉ። ስሜታቸውንም ጠይቂ፤ የአዛውንት ድብርት ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ ይሸፈናል።

እንቅልፉ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ከበረታ፣ ንግግራቸው ከተዘባረቀ፣ የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ እንዲህ ካንቀላፉ ወይም ከሳምንታት በፊትም ቢሆን ወድቀው ጭንቅላታቸውን መትተው ከነበረ፣ ደብተሩን ተይውና ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።