ቫልቭ ሲዘጋ ቧንቧው ውስጥ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ የረጅም የውሃ መስመር ግፊት በኮምፒውተር ሲሰላ፣ ውሃው ሳይቋረጥ በሚፈስበት ጊዜ ከቧንቧው አቅም በታች ነው። ታዲያ ቫልቭ ሲዘጋ የሚሆነውን ለብቻው ማስላት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቧንቧ ለመፈንዳት ይበልጥ የሚጋለጠው ፍሰቱ በድንገት ሲለወጥ ስለሆነ ይህ ስሌት ፈጽሞ ሊዘለል አይገባም። በሰከንድ 1 ሜትር ሲፈስ የነበረ ውሃ በብረት ቧንቧ ውስጥ በቅጽበት ቢቆም፣ ግፊቱ በ12 ባር ገደማ ይጨምራል፤ የግፊቱም ሞገድ በሰከንድ 1,200 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሞገዱ በ6 ኪሎ ሜትር መስመር እስከ ሌላኛው ጫፍ ደርሶ ለመመለስ 10 ሰከንድ ስለሚፈጅበት፣ ከዚያ ባነሰ ጊዜ የተዘጋ ቫልቭ በቅጽበት እንደተዘጋ ይቆጠራል። ፕሮግራሙ መስመሩን በአጫጭር ክፍሎች ከፋፍሎ፣ በየክፍሉ የግፊቱንና የፍጥነቱን ለውጥ በጥቃቅን የጊዜ እርምጃዎች ያሰላል። ስለዚህ ከፍተኛው ግፊት ከቧንቧው አቅም በታች እስኪወርድ ድረስ፣ ቫልቩ የሚዘጋበትን ጊዜ እያራዘሙ ስሌቱን ይድገሙት።