እጢዬ ቀንና ሌሊቱን ይገለብጣል?

ጥያቄ፦ የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። ፓይኒያል እጢ (አንጎል ውስጥ ያለው፣ ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ሆርሞን የሚሠራው ትንሽ እጢ) ሲመሽ ጂን «ያበራል» ይባላል። ቀን ስለምተኛ የእኔ ይገለበጣል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀን መተኛት ብቻውን አይገለብጠውም። የእኛ እጢ ትእዛዝ የሚቀበለው ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ካለው የሰውነት ሰዓት ነው። ያንን ሰዓት ደግሞ የሚያስተካክለው በዋናነት በዓይን የሚገባ ብርሃን ነው።

«ያበራል» የሚባለው ለአይጥ ልክ ነው። ሲመሽ ነርቮች ኖርኤፒነፍሪን የተባለ መልእክተኛ ኬሚካል እጢው ላይ ይለቃሉ። ከዚያ ሜላቶኒንን ለመሥራት ቁልፍ የሆነው ኢንዛይም፣ ኤኤናት፣ የጂን መልእክቱ (ኢንዛይሙ የሚሠራበት የጂኑ ቅጂ) ከቀኑ ከ100 እጥፍ በላይ ይጨምራል። በግ ላይ ግን መልእክቱ ቀንም አለ! ቀን የሚጠፋው ፕሮቲኑ፣ ማለትም ኢንዛይሙ ራሱ ነው፤ እንደተሠራ ይፈርሳል። ሌሊት ሳይፈርስ ይቆያል። ሬሰስ የተባለው ጦጣም እንደ በጓ ነው። ይህን ሳስተምር «ቲቸር፣ ለበግ ነው የምንቀርበው?» ብለው ይስቁብኛል። በዚህ ነገር፣ አዎ።

ደማቅ መብራት ሌሊትም ቢሆን ሜላቶኒንን በደቂቃዎች ውስጥ ያወርዳል። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ከሥራ ስትወጪ ጥቁር መነጽር አድርጊ። መኝታ ቤትሽ ወፍራም መጋረጃ ይኑረው፤ ስልኩንም ተይው።