አንድ ጊዜ ወይስ የአምስት ቀን ሲፕሮ?

ከሽንት ቧንቧ ቀላል ሕክምናዎች ጋር ስለሚሰጥ አንቲባዮቲክ የደረሱንን ጥያቄዎች ዛሬ አንድ ላይ እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ነገ ፊኛዬ በካሜራ ሊታይ ቀጠሮ አለኝ። ጎረቤቴ ለዚሁ ምርመራ የአምስት ቀን ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ) ተሰጥቷቸው ነበር፤ ለእኔ ምንም አልታዘዘልኝም። ተረስቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተረሳም። ቀጭኑ ተጣጣፊ ካሜራ ፊኛን አይቶ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ የኢንፌክሽን ምልክት ለሌለው ሰው መድኃኒት እንደ ደንብ አይሰጥም፤ የአውሮፓ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው። ፊኛቸው ሽንት የሚያስቀርባቸው፣ ቱቦ ያላቸው ወይም የመከላከል አቅማቸው የወረደ ሰዎች ይለያሉ፤ በካሜራው ሥጋ የሚቆረጥ ከሆነም እንዲሁ። ያኔም ቢሆን ከሥራው በፊት የሚሰጥ አንድ መጠን ብቻ ይበቃል። መድኃኒቱ የሚፈለገው መሣሪያው ቧንቧውን በሚቧጭርበት ሰዓት ደም ውስጥ እንዲገኝ ነውና። ከዚያ በኋላ የሚዋጠው አንጀት ውስጥ ያሉትን ደካማ ባክቴሪያዎች እየጨረሰ ለማይበገሩት ቦታ ይለቅላቸዋል።

ከምርመራው በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንት ቢያቃጥል ወይም ሮዝ ቢመስል የጭረቱ ነው፤ ውኃ ይጠጡ። ዛሬውኑ የሚያቃጥልዎ ወይም ትኩሳት ያለዎት ከሆነ ግን ለክሊኒኩ ይደውሉ። ምርመራው ይተላለፋል እንጂ በኢንፌክሽን ላይ አይሠራም።

ጥያቄ፦ አባቴ ካቴተር (ሽንት ከፊኛ የሚያወጣ ቱቦ) ከገባላቸው ሦስት ወር ሆነ። ሽንታቸው ደፍርሶ ይሸታል፤ ላብራቶሪው «ባክቴሪያ አለ» ይላል። ሁለት ጊዜ መድኃኒት ወስደው ተመልሶ መጣ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሦስተኛም ቢወስዱ ተመልሶ ይመጣል። ካቴተር አንድ ወር ከቆየ ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ የማይገኝበት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ባክቴሪያው በቱቦው ግድግዳ ላይ ልጋግ መሳይ ሽፋን ሠርቶ ስለሚደበቅ መድኃኒቱ አያገኘውም። ሽታና ድፍርስ ብቻውን አይታከምም። የሚታከመው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ማንቀጥቀጥ፣ የጎን ወይም የእንብርት በታች ሕመም ሲመጣ ነው። ያኔ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ አሮጌው ቱቦ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ከአዲሱ ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚሠራበትን መድኃኒት ለሚለይ ምርመራ) ናሙና ይወሰዳል፣ ከዚያ መድኃኒት ይጀመራል። ከከረጢቱ የተቀዳ ሽንት ግን ለምንም አይሆንም፤ ባክቴሪያው እዚያው ይራባል። ናሙናው በሁለት ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ካልደረሰ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ።

ለተለመደው የቱቦ ቅያሪ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። ይልቅ ቀያሪውን ይመልከቱ፦ ሽንት ሲወርድ ሳይታይ ቱቦውን ፊኛ ውስጥ የሚይዘው ባሉን ከተነፋ ቧንቧው ውስጥ ይነፋና ይተረተራል፤ ይደማል፣ ኢንፌክሽኑም በዚያው ይገባል። ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ወለል አይንካ።

ጥያቄ፦ ለቫሴክቶሚ (ወንድ እንዳይወልድ የዘር ቱቦውን ለመዝጋት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና) መድኃኒት ልውሰድ?

መልስ፦ አይ። ቆዳው በደንብ ከተጸዳ ይበቃል። ጸጉሩን ቤት በምላጭ አይላጩ፤ ጥቃቅን ቁስል ይፈጥራል።

ጥያቄ፦ የልብ ቫልቭ ሕመም አለብኝ፤ በየወሩ ፔኒሲሊን እወጋለሁ። ለፊኛ ካሜራ ተጨማሪ መድኃኒት ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ቫልቩን ለመጠበቅ ተብሎ ብቻ አይሰጥም፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 ይህን ልማድ አስቀርቶታል። ወርኃዊ መርፌዎን ግን አያቋርጡ። እሱ የሚጠብቅዎ ከጉሮሮ ባክቴሪያ እንጂ ከሽንቱ አይደለም። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሲፕሮ ደሙን ይበልጥ እንደሚያቀጥነው ይወቁ።

ጥያቄ፦ ከፕሮስቴቴ በፊንጢጣ በኩል ናሙና ሊወሰድልኝ ነው። ከሁለት ወር በፊት ለተቅማጥ ከፋርማሲ ሲፕሮ ገዝቼ ውጬ ነበር። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ለሐኪምዎ ዛሬ ይንገሩ። ይህኛው ያለ መድኃኒት የማይሠራ ነው፤ መርፌው ብዙውን ጊዜ 12 ጊዜ ያህል የአንጀትን ግድግዳ እየበሳ የሰገራ ባክቴሪያ ፕሮስቴት ውስጥ ይዞ ይገባል። በቅርቡ ሲፕሮ የወሰደ ሰው አንጀት ውስጥ ሲፕሮ የማይገድለው ኢ. ኮላይ የመገኘቱ ዕድል ከፍ ይላል። መፍትሔው መጠኑን መጨመር አይደለም፦ በፊንጢጣ ናሙና ካልቸር ሠርቶ የሚሠራውን መድኃኒት መምረጥ፣ ከመርፌው በፊት ፊንጢጣን በፖቪዶን አዮዲን ማጽዳት፣ ወይም ባለሙያው ካለ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል መውሰድ ነው። እኛ ብንመርጥ የመጨረሻውን እንመርጣለን፤ መርፌው ሰገራ አይነካም።

ከናሙናው በኋላ ባሉት ቀናት ሙቀትዎ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ካንቀጠቀጠዎ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ። ቤት የተረፈውን ሲፕሮ አይዋጡ፤ ባክቴሪያውን ሳይገድል የደም ካልቸሩን ያበላሻል።