ንግሥቲቱ ሱሪህን ስትለካ፦ ስለ ጥንቱ እንግሊዝ አዋጆች ጥያቄና መልስ

የ16ኛውና የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ነገሥታት የሕዝቡን የዕለት ኑሮ በሕግ እንዴት እንደሚያዝዙ የመጣላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ፤ የቻልኩትን እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እውነት ሰው በለበሰው ልብስ ይታሰር ነበር?

መልስ፦ እንዴታ! በጥር 1565 ለንደን ውስጥ ሪቻርድ ዎልዌይን የሚባል አሽከር ከልክ ባለፈ ትልቅ ሱሪ ተያዘ። የዚያ ዘመን የወንድ ሱሪ አጭር ነው፤ ውስጡ ጨርቅ እየታጨቀ እንደ ዱባ ይነፋል። ፋሽኑ ነዋ! ደህና ሱሪ ገዝቶ እስኪለብስ ድረስ እንዳይለቀቅ ተወሰነ። ያ የተነፋ ሱሪ ደግሞ አላፊ አግዳሚው አይቶ እንዲማርበት አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለ። ሰውዬው በሱሪው ስቅላት ተረፈ።

ጥያቄ፦ ለመንግሥት ምን ቸገረው? የለበሰው ሰው ነው የሚከፍለው።

መልስ፦ በ1574 የወጣው የንግሥት ኤልሳቤጥ አዋጅ ምክንያቱን ይዘረዝራል። ከውጭ የሚገባው ሐርና ጌጥ የአገሩን ገንዘብ ያሟጥጣል። የባላባት ልጆች ለመታየት ሲሉ ዕዳ ውስጥ ይዘፈቃሉ። ያልተጻፈው ምክንያት ግን የባሰ ይመስለኛል፦ ከፋይ የለበሰ ነጋዴና ከፋይ የለበሰ ባላባት ጎን ለጎን ቢቆሙ ለማን ነው እጅ የሚነሣው? ስለዚህ ወርቀ ዘቦና ሐምራዊ ሐር ለንጉሣዊው ቤተሰብና ለጥቂት ታላላቅ መኳንንት ብቻ ሆነ። እነዚህ የልብስ ሕጎች በ1604 ተሻሩ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው እንዲለብስ የታዘዘ ነገርስ ነበር?

መልስ፦ ቆብ። በ1571 በወጣው ሕግ ዕድሜው ከ6 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ እሑድና በዓል ቀን እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ የሱፍ ቆብ እንዲያደርግ ታዘዘ። መኳንንት፣ ወይዛዝርትና አንዳንድ ሌሎች አይመለከታቸውም። ያላደረገ በቀን 3 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ ይቀጣል፤ ለአንድ ግንበኛ የቀናት ደሞዝ ነው። ነገሩ ቆብ ሠሪዎች ገበያ እንዳያጡ ነው። በ1597 ቀረ።

ጥያቄ፦ ፕሮቴስታንት ሆነው ረቡዕን ይጾሙ ነበር መባሉ እውነት ነው?

መልስ፦ ይህችን እወዳታለሁ። ዓርብና ቅዳሜ ቀድሞውንም ሥጋ የማይበላባቸው ቀናት ነበሩ። በ1563 የንግሥቲቱ ሹም ዊልያም ሴሲል ረቡዕን አስጨመረ። ሥጋ የበላ 3 ፓውንድ ይከፍላል፤ አለዚያ ሦስት ወር ይታሰራል። ግን ለነፍስ ብለው አይደለም! ዓሣ ካልተበላ ዓሣ አጥማጅ የለም፤ አጥማጅ ከሌለ ለባሕር ኃይሉ መርከበኛ ከየት ይመጣል? እንዲያውም "ይህ ጾም ለነፍስ መዳን ያስፈልጋል" ብሎ የሰበከ ሰው እንደ ሐሰት ወሬ ነዢ እንዲቀጣ ሕጉ ራሱ ይደነግጋል። የረቡዑ ግዴታ በ1585 ተነሣ።

ጥያቄ፦ የሥራ ሰዓትስ?

መልስ፦ በዚያው በ1563 የወጣ ሌላ ሕግ አለ። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ የቀን ሠራተኛ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ይሠራል። ምግቡም ዕረፍቱም ተደምሮ ከሁለት ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ደሞዙን በየዓመቱ የየአካባቢው ዳኞች ይወስናሉ። ከተወሰነው በላይ የከፈለ አሠሪ 10 ቀን ይታሰራል፤ የተቀበለው ሠራተኛ ደግሞ 21 ቀን። ልዩነቷን ልብ በሉልኝ።

ጥያቄ፦ ፖሊስ በሌለበት አገር ይህን ሁሉ ማን ያስፈጽማል?

መልስ፦ ጎረቤት። ብዙዎቹ ሕጎች ከቅጣቱ ገንዘብ ግማሹን ለጠቋሚው ይሰጣሉ። ሰዎችን እየከሰሱ በዚሁ የሚተዳደሩ ነበሩ። ሕዝቡ አምርሮ ይጠላቸው ነበር።

ጥያቄ፦ ንጉሥ አውጆ የተዋረደበት ጊዜ አለ?

መልስ፦ ቻርልስ ዳግማዊ፣ በእኛው ቡና! (ቡና ቤት ስል ቢራ የሚጠጣበትን አይደለም፤ ቡና የሚፈላበትን ነው።) ሰዎች እዚያ ተቀምጠው መንግሥትን ያማሉ ብሎ በታኅሣሥ 1675 መጨረሻ ቡና ቤቶች ሁሉ ከጥር 10 ጀምሮ እንዲዘጉ አወጀ። ከተማው ተንጫጫ። ቀኑ ሁለት ቀን ሲቀረው አዋጁን አነሣው።

ጥያቄ፦ ሬሳም በሕግ ይገዛ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ልክ ነው። በ1666 ወጥቶ በ1678 በተጠናከረው ሕግ ማንም ሰው ከሱፍ በቀር በሌላ ጨርቅ ተገንዞ እንዳይቀበር ተከለከለ። አሁንም ለሱፍ ገበያ ነው። ቅጣቱ 5 ፓውንድ ሲሆን ግማሹ ለድሆች፣ ግማሹ ለጠቋሚው ነው። ታዲያ ሟቹን በጥሩ በፍታ መቅበር የሚፈልግ ሀብታም ቤተሰብ ምን ያደርጋል? ከቤቱ አንዱን ሰው ጠቋሚ አድርጎ ይልካል፤ ግማሹ ገንዘብ ተመልሶ ቤት ይገባል።