መልስ፦ ሠዓሊ ሳትሆን ታሪኳን በክር ያስቀረች

እህቴ፣ «ከሆሎኮስት (ናዚ ጀርመን አይሁድን ከፈጀበት ጭፍጨፋ) ተርፎ ያየውን በኪነ ጥበብ ያስቀረ፣ ግን ሠዓሊ ያልነበረ ሰው አለ ወይ?» ላልሽው፣ አለ። ኤስተር ኒሰንታል ክሪኒትዝን ፈልጊ።

እ.ኤ.አ. በ1927 ፖላንድ ውስጥ ምኒሼክ በምትባል መንደር ተወለደች። ኦክቶበር 1942 የመንደሩ አይሁድ ወደ ባቡር ጣቢያ እንዲሄዱ ሲታዘዙ፣ የ15 ዓመቷ ኤስተር አልሄድም አለች፤ ታናሽ እህቷን ማኒያን ይዛ ጠፋች። ሁለቱ የካቶሊክ ገበሬ ልጆች መስለው ጦርነቱን አለፉት። ወላጆቻቸውንና ሌሎቹን ልጆች ዳግም አላዩአቸውም።

ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው፣ ሥዕል አልተማረችም። 50 ዓመቷ ላይ፣ አሜሪካ እያለች፣ የልጅነት ቤቷን ለሴት ልጆቿ ላሳያቸው ብላ መርፌና ክር አነሳች። በ2001 እስክታርፍ 36 ትልልቅ ጥልፎች ሠርታለች።

እኔ የምወደው የንቦቹን ጥልፍ ነው። አትክልት ቦታ ስትሠራ የጀርመን ወታደሮች መጥተው ያናግሯታል፤ የሚሉት ይገባታል፣ ግን አይሁድ መሆኗን እንዳይነቁባት ዝም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ድንገት ንቦች ወታደሮቹን ከበቧቸው። እየሮጡ ሲወጡ «አንቺን ለምን አይነድፉሽም?» አሏት ትላለች።

ከሩቅ ሲታይ አበባው፣ አዝመራው፣ ሁሉም የሚያምር የትራስ ጨርቅ ጥልፍ ይመስላል። ጠጋ ስትዪ ነው ጠመንጃው የሚታይሽ። እንደኔ እንደኔ ከብዙ ሐውልት የበለጠ የሚያመው ይኸው ነው።

ልጆቿ በ2003 ሥራዋን የሚያሳይ ድርጅት አቋቁመዋል፤ ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ ታገኛለሽ። አጉልተሽ እያቸው፣ ስፌቱ ካልታየሽ ግማሹ ያመልጥሻል።