ማንን እንምረጥ ለምትሉኝ ልጆች

የምርጫ ወቅት በመጣ ቁጥር «ጋሼ፣ ማንን እንምረጥ?» ትሉኛላችሁ። ስም አልጠራላችሁም። ግን እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስኖር ሥራቸውን ሳይ የማደንቃቸው ሴቶች አሉ፣ ስለነሱ ላጫውታችሁ።

ማኅበሩ ሊግ ኦፍ ውመን ቮተርስ ይባላል፣ የሴት መራጮች ማኅበር ማለት ነው። ሰው ዜግነት ተቀብሎ ሲወጣ ጠረጴዛ ዘርግተው የመራጭነት ፎርም የሚያስሞሉ ሽበታም እናቶች አሉ አይደል? ብዙ ቦታ የዚህ ማኅበር አባላት ናቸው። ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችው ካሪ ቻፕማን ካት ቺካጎ ላይ ያቋቋመችው በፌብሩዋሪ 1920 ነው። የሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት የጸደቀው ደግሞ በዚያው ዓመት ኦገስት። መብቱ ገና ሳይጸድቅ እንዴት እንጠቀምበት እያሉ ነበር።

ዕጩም ሆነ ፓርቲ አይደግፉም፣ አይቃወሙም። አቋም የላቸውም ማለት ግን አይደለም። አንድን ጉዳይ መጀመሪያ ያጠናሉ። ከዚያ በትንንሽ ቡድን ተቀምጠው ይወያያሉ። ካልተግባቡ አቋም አይወጣም። የእኛ ሰው ቢሆን ገና ጥናቱ ሳያልቅ ለሁለት ተከፍሎ ነበር!

አንዳንዶቹ የካውንቲ ካውንስል፣ ማለትም የአካባቢው ምክር ቤት፣ እና የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ገብተው ይቀመጣሉ። አይናገሩም፣ ይጽፋሉ። ማን ምን አለ፣ ምን ተወሰነ። ዕድሜዬን በሂሳብ ሥራ ስለገፋሁ ይሆናል፣ ከሁሉም ይህን ሥራቸውን እወደዋለሁ።

ከ1976 ጀምሮ የፕሬዚዳንት ዕጩዎችን ክርክር ያዘጋጁ ነበር። በ1988 የሁለቱ ዕጩዎች የቡሽና የዱካኪስ ቡድኖች ለብቻቸው ተስማምተው ጠያቂውንም አዳራሹንም እኛ እንቆጣጠር ሲሉ፣ ሕዝብ በማታለል አንተባበርም ብለው ወጡ። ያን የሚያህል መድረክ ጥሎ መውጣት ቀላል አይደለም።

እንከን የለባቸውም አልልም። ድሮ በብዙ ቦታ ጥቁር ሴቶችን አያስገቡም ነበር።

እናንተ ፕሬዚዳንቱን ብቻ አትዩ። የቤታችሁን ታክስ የሚወስነው ካውንስሉ ነው፤ ስማቸው የድምፅ መስጫው ወረቀት ታች ላይ ነው ያለው። ሊጉ ለዕጩዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ልኮ መልሳቸውን በራሳቸው ቃል ያወጣል፣ ቮት 411 በሚባለው ድረ ገጹ ላይ። ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ያልመለሰውንም ልብ በሉ። እናታችሁን እንግሊዝኛው ከከበዳት አንብቡላት። ስታነቡላት ግን የራሳችሁን ሰው አታስገቡባት።