የአጎትህን ቤዝ ለቀለም ቀቢ ከመስጠትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። አጎትህ በደርግ ጊዜ ኪነት ሲጫወትበት የነበረውን ቤዝ ጊታር ሰጥቶሃል። ነጩ ቀለም ቅቤ መስሏል፣ ተሰነጣጥቋል፣ ጠርዝ ጠርዙ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ጭንቅላቱ ላይ የነበረው ስምም ጠፍቷል። ደሴ ሸዋበር ያለ የመኪና ቀለም ቀቢ «ፍቄ አዲስ አደርግልሃለሁ» ብሎሃል። ላስቀባው ወይስ ልተወው ነው የምትለው።

እኔ ብሆን አላስቀባውም። ደሴና ኮምቦልቻ ሠርግ ላይ ቤዝ ስጫወት ነው የኖርኩት፤ የሰው ጊታርም እጠግናለሁ። ለጥገና ከሚመጡልኝ ውስጥ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ያረጀው አይደለም። በቅርቡ «ታድሶ» የመጣው ነው።

ክር ይቀየራል። ስታኞ ቢለቅ እንደገና ይበየዳል። የደከመ ፍሬት፣ አንገቱ ላይ የተደረደረው የብረት መስመር፣ ይነቀልና አዲስ ይገባል። የመጀመሪያው ቀለም ግን አንዴ ከተፋቀ አለቀ፣ መመለሻ የለውም። ቀለም ቀቢው ደግሞ የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ ጉድጓዱን በስቱኮ ይሞላል፣ ከዚያ ይረጫል። ቆርቆሮ ይችለዋል። እንጨት ሲፈገፈግ ግን ጠርዙ ይበላል፣ ቅርጹ ይለወጣል። ከሁሉም የሚብሰው አንገቱ የሚገባበት ኪስ ነው። እዚያ ውስጥ አዲስ ቀለም ከተጠራቀመ አንገቱ በቦታው አይቀመጥም። በብሎን በግድ ሲያጠብቁት የኪሱ ጎን ይሰነጠቃል። ይሄን በዓይኔ ያየሁት ነው።

የመኪና ቀለም በራሱ ጥፋት የለበትም፣ ሰውዬውንም አልወቅስም። ትልቁ ጊታር ሠሪ ፌንደር ራሱ በ1950ዎቹና 60ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የዱፖንት የመኪና ቀለም ነበር የሚረጨው። ኦሊምፒክ ኋይት የሚባለው ነጭ ከካዲላክ የመጣ ነው፤ ፊየስታ ሬድ ደግሞ ከፎርድ ተንደርበርድ። የእኔ ችግር ከመፋቁ ጋር ነው።

ቢጫ የሆነው ለምን እንደሆነም ልንገርህ። የዚያን ዘመን ብዙ ጊታር የሚቀባው ናይትሮሴሉሎስ ላከር በሚባል ስስ ቀለም ነው። ይሄ ላከር ብርሃንና ዕድሜ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፤ የሲጋራ ጭስ ደግሞ ያባብሰዋል። ነጩ ክሬም ይሆናል፣ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። እያደርም ይደርቅና እንጨቱ ሲሰፋና ሲጠብ አብሮ መሳሳብ ያቅተዋል፤ ስንጥቁ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፌንደር ከ1968 ገደማ ጀምሮ ፖሊየስተር ወደሚባለው ወፍራም ቀለም ዞሯል። ፖሊየስተር እንዲህ አይሰነጠቅም፣ ሲመታ ነው በቁራጭ የሚነሳው። ስለዚህ ከነገርከኝ አኳያ የአንተ ላከር ይመስለኛል።

ለማረጋገጥ ካቻቢቴ ያዝና ፒክጋርድ የሚሉትን የፕላስቲክ ሽፋን ፍታው። ክሮቹን መጀመሪያ አላላ። ብሎኖቹን አንድ ሰሃን ላይ አስቀምጥ፣ ድንገት ከጠፉ ደሴ ላይ ልክ የሚሆነውን አታገኝም። ከሽፋኑ ሥር ብርሃን ያልነካው ቀለም ታያለህ። የእውነት ነጭ ከሆነ ላዩ ላይ ያለው ቢጫ ዕድሜ ነው። ሥሩ ሌላ ቀለም ከሆነ ግን ከአንተ በፊት አንድ ሰው አስቀብቶት ሊሆን ይችላል፣ ነገሩም ይለወጣል። ከዚያ ለማይታይ ጥግ በጥጥ ጫፍ ትንሽ አሴቶን ንካው። ላከር ከሆነ ወዲያው ይለሰልስና ጥጡ ላይ ይወጣል። ፖሊየስተር ከሆነ ዝም ይላል። አሴቶኑ ሌላ ቦታ እንዳይንጠባጠብ ብቻ!

እዚያው እያለህ ቮሊዩም የሚያስተካክሉትን ክብ ዕቃዎች ጀርባ እይ። አሜሪካ የተሠራ ከሆነ የታተመ ቁጥር ይኖራል። 1376614 ቢል 137 አምራቹ ሲቲኤስ ነው፣ 66 ዓመቱ 1966፣ 14 ሳምንቱ ነው። ዕቃው የተሠራበትን እንጂ ጊታሩ የተገጣጠመበትን ቀን አይነግርህም፣ ግን ግምት ይሰጥሃል። ምንም ከሌለ ጃፓን ሊሆን ይችላል። የምሥራቅ ጀርመኑ ሙሲማና የቼኮዝሎቫኪያው ዮላናም በዚያ ዘመን ይሠሩ ነበር።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ የድሮ ፌንደር ወይም ጊብሰን ከሆነ እንደገና የተቀባ ጊታር ግማሽ ያህል ዋጋውን ያጣል የሚለው ነው በነጋዴዎቹ ዘንድ የተለመደው ግምት። ስሙ የማይታወቅ ከሆነ የሽያጩን ነገር እርሳው። ደግሞ ፌንደር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አዲሱን ጊታር ሆን ብሎ አስረጅቶ በውድ ይሸጣል። ሰው ለዚያ ገንዘብ ይከፍላል፣ አንተ ደግሞ በነፃ ያገኘኸውን ከፍለህ ልታስፍቅ!

በተረፈ ማጽዳት ትችላለህ፣ አብሽር። ለላይተር የሚሞላውን ቤንዚን ለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርገህ ቀስ እያልክ ጥረግ፣ ከእሳት ራቅ ብለህ። ላቡና ቅባቱ ይነሳል። ስንጥቁ ውስጥ ውሃ አታስገባ። አልኮልና ቲነር አታስጠጋው። ሲልከን ያለበት የመኪና ፖሊሽም አይሆንም፤ በኋላ ትንሽ ቦታ ልንካ ብትል አዲሱ ቀለም እየሸሸ ክብ ክብ ቀዳዳ ይሠራል። ሊወድቅ የተንጠለጠለ ልጣጭ ካለ በስንጥር ጫፍ ቀጭን ሱፐር ግሉ ጠብ አድርግለት፣ በቃ። ላስቲክ ያለው ማቆሚያ ላይም አታሳድረው፤ ላስቲኩ ላከሩን ያቀልጠዋል።

አንድ የእኛ አገር ጉዳይ አለ። ደሴ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ነች፣ ኮምቦልቻ ከእሷ በብዙ መቶ ሜትር ትወርዳለች። በጠዋቱ ብርድ ደሴ ጭነህ ወርደህ ሙቀት ውስጥ ቦርሳውን ወዲያው ከከፈትከው አዲስ ስንጥቅ የምትሠራው ራስህ ነህ። ቦርሳውን ሳትከፍት አስቀምጠው፣ ሻይህን ጠጣ፣ ሌላውን ዕቃ ገጣጥም፤ መጨረሻ ላይ አውጣው። ባቲ የምትወርድ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

ማስቀባት ልክ የሚሆንበት ጊዜ የለም አልልህም። ቀድሞ በመጥፎ ቀለም የተቀባ ከሆነ፣ እንጨቱን ነቀዝ ከበላው ወይም ቦዲው ተሰብሮ ከተጠገነ አስቀባው፣ ማንም አይፈርድብህም። እንደዚያ ከሆነ ግን አንገቱን ነቅለህ፣ ኪሱን በፕላስተር ሸፍነህ፣ ቦዲውን ብቻ ስጠው። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለም ከሆነ ደግሞ ሲረጭ አጠገቡ አትቁም፣ ጭሱ ለሳንባ ክፉ ነው።

የላይኛው ጫፍ ላይ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ እንጨቱ ለስልሶ ጠቁሯል ብለሃል። ያ የአጎትህ ክንድ ነው። ሰውዬው በሕይወት እያለ ያንን ቦታ ማስፋቅ ለእኔ ይከብደኛል፤ ቢያንስ መጀመሪያ እሱን ጠይቀው።

ለቀለም ያሰብከውን ብር ለድምፁ አውለው። የቀለሙ ውፍረት የኤሌክትሪክ ቤዝን ድምፅ ብዙም አይለውጠውም። የሚለውጠው ክሩ፣ የክሩ ከፍታ፣ የአንገቱ ቀጥ ማለትና የፒክአፑ፣ የክሩን ንዝረት የሚይዘው ማግኔት፣ ሽቦ ነው። ቮሊዩሙ ሲዞር ከተንኳኳ ኮንታክት ክሊነር የሚባለው የሚረጭ ማጽጃ ይበቃዋል። አንገቱ ጎብጦ ከሆነ ውስጡ ያለውን ዘንግ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያልክ፣ በየመሃሉ እያረፍክ አስተካክል፤ ከጠነከረብህ ተው፣ አምጣልኝ። አምባሰልም ሆነ ባቲ ለመጫወት ለስላሳ የተጠቀለለውን ክር እመርጣለሁ። ድምፁ ወፍራምና አጭር ነው፣ ፍሬቱንም አይበላም። ከአዲስ አበባ ስታስልክ ግን ከጭንቅላቱ ሥር ካለው የክር ማረፊያ እስከ ታችኛው ድልድይ ለክተህ ንገራቸው። 86 ሳንቲ ገደማ ከሆነ የተለመደው ርዝመት ነው፤ 76 አካባቢ ከሆነ አጭር ቤዝ ስለሆነ የአጭር ክር በል፣ አለዚያ ወፍራሙ ክፍል መቃኛው ላይ ይጠመጠምና ይበጠሳል።